ለድሬው የቪትዝ ባለቤት፦ ኮይሎቨር ልግዛ ወይስ አሰልጣኝ ልያዝ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። ቪትዝ አለህ። ከጓደኞችህ ጋር በተፈቀደላችሁ ዝግ ሜዳ ላይ ኮን ደርድራችሁ ሰዓት ትያያዛላችሁ። ያጠራቀምከው ብር ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ወይ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ኮይሎቨር (ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ሆነው ከፍታውና ጥንካሬው የሚስተካከል)፣ ወይ ውድድር የነዳ አሰልጣኝ ጋር ጥቂት ቀን። የትኛው ቶሎ ያፈጥነኛል ነው ያልከው።

አሰልጣኙን ያዝ። ብዙ ሰው ኮይሎቨሩን ግዛ እያለህ ስለሆነ ግን ምክንያቴን ዘርዘር ላድርገው።

እኔ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። በኋላ ዱባይ ሄጄ ለሰርኪት፣ ማለትም ለመወዳደሪያ ዝግ መንገድ፣ መኪና የሚያዘጋጅ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሞላ፣ አሞርዛተርና አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ነበር። ደንበኞቻችን የሚነዱት ዱባይ አውቶድሮም ነው፤ ትልቁ ዙር 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ሲመለሱ የሚያሰሙት ቅሬታ ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር። "ፊቱ አልታጠፍ ይለኛል፣ ወደ ውጭ ይገፋኛል።" እኛም አንዱን እናጠነክራለን፣ ሌላውን እናላላለን። አንዳንዱ በጣም ውድ ዕቃ አስገጥሞም ያው ቅሬታ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን አንዱን ደንበኛ ተከትዬ ሰርኪቱ ድረስ ሄድኩ። አሰልጣኝ ከጎኑ ተቀመጠ፣ ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። መኪናው ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። አሞርዛተሩን ማንም አልነካውም። ያ "አልታጠፍ" ያለው መኪና ኩርባውን ጥርት አድርጎ ገባ። ልዩነቱ የፍሬን አለቃቀቅ ላይ ነበር። ባለቤቱ ኩርባው አፍ ላይ ሲደርስ እግሩን በአንድ ጊዜ ከፍሬኑ ያነሳል፣ ከዚያ መሪውን ያዞራል። ፍሬኑ ሲለቀቅ አፍንጫው ብድግ ይላል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ። ታዲያ የቀለለ ጎማ እንዴት መሬት ይያዝ? አሰልጣኙ መሪውን እያዞረ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ነበር የሚለቀው። ክብደቱ ፊት ላይ እንዳለ ጎማዎቹ አፈሩን ነክሰው ታጠፉ፣ ማለቴ አስፋልቱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ ነዳጅ ስትሰጥ ወደ ኋላ፣ ስትታጠፍ ወደ ውጭው ጎማ ይሄዳል። በጠቅላላ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስኑት የመኪናው ክብደትና ቁመት፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋትና አንተ ኩርባውን የምትይዝበት ፍጥነት ናቸው። ጠንካራ ሞላ ይህን አያስቀርም። የሚቀይረው ሸክሙ ከፊትና ከኋላ የትኛው ላይ እንደሚበዛ ነው። አሞርዛተር ደግሞ ክብደቱ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይቆጣጠራል። ክብደቱን የሚልከው ግን የአንተ እጅና እግር ነው።

በቁጥር ላሳይህ። አሁን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የምትይዘው ኩርባ አለ እንበል። አዲሱ ዕቃ የጎማህን አያያዝ 5 በመቶ ቢያሻሽልልህ (ይህ ቀላል አይደለም) ያው ኩርባ ላይ ፍጥነትህ 72 እንኳ አይሞላም። ፍሬን በጣም ቀድመህ የምትይዝ ከሆነ፣ ወይም ከኩርባው ስትወጣ ነዳጅ ዘግይተህ የምትሰጥ ከሆነ፣ የምታጣው ከዚያ በላይ ነው። ደግሞ ከኩርባ ስትወጣ የጎደለህ ፍጥነት እስከ ቀጣዩ ኩርባ ድረስ ይከተልሃል።

ከሁሉም በላይ ልትይዝልኝ የምፈልገው ግን ይኼን ነው። ኮይሎቨር ስትገዛ የምትገዛው ምርጫ ነው። የኮይሎቨሩን ማስተካከያ ባዞርክ ቁጥር የመኪናው አነዳድ ይለወጣል፤ ተሻለ ወይስ ባሰ የሚለውን መለየት ያለብህ አንተ ነህ። አንዱን ዙር ፍሬን እዚህ፣ ቀጣዩን እዚያ የምትይዝ ከሆነ ሰዓትህ የተለወጠው በአሞርዛተሩ ይሁን በእግርህ በምን ታውቃለህ? ዱባይ ጥሩ ማስተካከያ ያገኙት ደንበኞች ዙሮቻቸው የተቀራረቡ ነበሩ። "ሲገባ ደህና ነው፣ መሃል ላይ ይገፋል፣ ሲወጣ ይመለሳል" ብለው ነጣጥለው ይነግሩናል። እንዲህ ለሚል ሰው መሥራት ደስ ይላል።

ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። መጎተቱም፣ መታጠፉም፣ አብዛኛው ፍሬንም እሱ ላይ ነው። ሳታውቅ ፊቱን ብቻ ካጠነከርክ የምትጠላውን ወደ ውጭ መገፋት ታባብሰዋለህ። ኋላውን ከመጠን በላይ ካጠነከርክ ደግሞ ኩርባ መሃል ነዳጅ በድንገት ስትለቅ ኋላው ያመልጥሃል። አስተያየት መስጫው ላይ ሞላውን አስቆርጠህ ዝቅ አድርገው ያለህን ሰው በፍጹም እንዳትሰማ። ሞላ ሲቆረጥ አሞርዛተሩ መሄጃ ያጣል። ኩርባ ላይ ሲጫን ማረፊያ ላስቲኩን ይመታል፣ ያኔ ጎማው ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። በዚያ ላይ በሳምንቱ ሌላ ቀን የምትነዳው የድሬን ኮብልስቶንና የፍጥነት ማብረጃ ነው።

አቦ፣ ኮይሎቨር መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ያረጀን ዕቃ መቀየርም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከስልጠናው በፊት ይደረግ። አሞርዛተሩን በእጅህ ዳሰው። አካሉ ላይ ዘይት ወጥቶ አቧራ እንደ ጭቃ ከተጣበቀበት አልቋል። የላሉ ላስቲኮችንም አስቀይርና አላይመንት አስይዝ። ይህን ሁሉ በፋብሪካው ዓይነት ደህና ዕቃ ብታደርገው ከኮይሎቨሩ ዋጋ በጣም ያንሳል። ጎማህ ላይ የተጻፈውን አራት አሃዝ እይ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይደርቃል፣ የኛ ሙቀት ደግሞ አያዝንለትም። የፍሬን ዘይትም አስለውጥ። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲስብ መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሜዳ ላይ ደጋግመህ ስትረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ከሰመጠ የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለስላሳ ሞላ አያስነዳም የሚልህ ካለ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች አስበው። ሞላቸው ለስላሳ ነው፣ ይወዛወዛል። ከድሮዎቹ ሹፌሮች አንዱ ጋር ከሐረር በአወዳይ፣ በሐረማያ አድርገህ ደንገጎን ስትወርድ ግን የተሳፋሪ አንገት አይነቀነቅም። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ተራራ ወደ 1,200ው ድሬ የሚወርደው በማርሽ ነው። ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ይይዛል፣ ሲለቅ ቀስ ብሎ ነው። ሰርኪት ላይ ያ አሰልጣኝ ያደረገውም ይኼንኑ ነው፣ በበለጠ ፍጥነት። ደንገጎ ላይ ግን እንዳትለማመድ፣ አደራ። ከባድ መኪናው፣ ጫት የጫነው አይሱዙ፣ ከብቱና ሰው የሚጋሩት መንገድ ነው። ሰዓት የሚያዘው ዝጉ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

አሰልጣኙን ስታገኝ መጀመሪያ በራስህ መኪና እሱ ይንዳ፣ አንተ ከጎኑ ሆነህ እግሩን እይ። ከዚያ ሙሉ ጊዜውን ፍሬን ላይ አውለው፤ ዓይንህን ወደ ኩርባው መውጫ መላክንም እዚያው ያስተምርህ። "ፈጥነሃል" ብሎ የሚያሞግስህን ሳይሆን እዚህች ጋ ቀድመህ ለቀቅክ የሚልህን ምረጥ። ዙሮችህ ተቀራርበው መኪናው ኩርባው የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያስቸግርህ ለይተህ መናገር ስትችል ያኔ ኮይሎቨሩን እዘዝ፣ ልክ በማስያዙ እኔም አግዝሃለሁ።

ለአሁኑ የጎማህን አራት አሃዝና የአራቱን አሞርዛተሮች ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ብቅ ካልክ ደግሞ አብረን መኪናው ሥር ገብተን እናየዋለን።