ጥያቄና መልስ፦ ሎግቡኩ ላይ ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ዳር፣ ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለተግባር ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎች ይመደቡልኛል። ወላድ ይበዛል፣ ቁጭ ብዬ የማስተምርበት ጊዜ የለኝም። ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻ ሎግቡክ (የሠሩት ሥራ የሚመዘገብበት ደብተር) ይዘው ለፊርማ ይመጣሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ሳይቀመጡም እያስተማሩ ነው። ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ላይ የፅንስ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው ይመዘገባል ተብሎ ተምሮ የመጣ ተማሪ፣ እናቲቱ ከወለደች በኋላ በግምት ሲሞላ ካየ፣ ይዞት የሚሄደው ያየውን ነው። እጅ መታጠብም፣ ከምርመራ በፊት መጋረጃ መሳብም እንደዚያው።

ጊዜ ካጠረዎት በአንድ ፈረቃ ለአንድ ተማሪ አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡ፤ እሱን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው ይዩት። የፅንስ ልብ ምት መቁጠርን እንውሰድ። ብዙ ተማሪ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። እንዲህ ሲሆን ምጡ እንደለቀቀ የሚታየው የምት መቀነስ ያመልጠዋል። ፌቶስኮፑን (የፅንስ ልብ ምት ማዳመጫውን) በፅንሱ ጀርባ በኩል አድርጎ፣ በሌላው እጁ የእናቲቱን የእጅ አንጓ ትርታ ይዞ፣ ምጡ እንደለቀቃት ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠር። አንጓዋን የሚይዘው የእሷን ትርታ የፅንሱ ነው ብሎ እንዳይሳሳት ነው። ከ110 በታች ወይም ከ160 በላይ ካገኘ ወዲያው ይጥራዎት።

አዲስ ሥራ ሲያሳዩ ደግሞ መጀመሪያ ሳይናገሩ በተለመደው ፍጥነት ይሥሩት፤ ቀጥሎ እያብራሩ በዝግታ ይድገሙት፤ ከዚያ እሱ ቅደም ተከተሉን እየነገረዎት እርስዎ ይሥሩ፤ በመጨረሻ እሱ እየተናገረ ይሥራ። ሦስተኛውን አብዛኛው አሠልጣኝ ይዘለዋል። ስህተቱ እጅ ላይ ሳይደርስ ከአፍ የሚያዘው ግን እዚያ ነው።

ዝም ለሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና መምህራን ያወጡት አጭር አካሄድ ይረዳዎታል። «ምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን እርስዎ አይስጡት፤ ቢሳሳትም ይናገር። «ለምን አልክ?» ይበሉት፣ አንድ ጠቅላላ ደንብ ይንገሩት፣ በትክክል የሠራውን ጠቅሰው የተሳሳተውን ያርሙ። «ጎበዝ» ወይም «ደካማ ነህ» ማለት ምንም አያስተምርም። «ጓንት ካደረግሽ በኋላ አልጋውን ነካሽ፤ ሌላ ጊዜ አልጋውን አስቀድመሽ አስተካክይ» ማለት ያስተምራል። እርማቱ በዚያው ፈረቃ፣ እናቲቱ በሌለችበት ይሁን። አደጋ ካለ ብቻ «ልቀበልህ» ብለው ሥራውን ይረከቡ፤ ምክንያቱን በኋላ ያስረዱታል።

ሎግቡኩ ላይ አየ፣ በእገዛ ሠራ፣ ራሱ ሠራ ብለው ለይተው ይጻፉ። ያላዩትን አይፈርሙ፤ የእርስዎን ፊርማ አምኖ ሌላ ባለሙያ ነገ ምጥ ላይ ብቻውን ሊተወው ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንተርን (ሆስፒታል ውስጥ በተግባር ልምምድ ላይ ያለሁ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ነኝ። ሲኒየሬ (የበላይ ሐኪሜ) ራውንድ ላይ፣ ማለትም ታካሚዎችን እየዞርን ስናይ፣ በታካሚ ፊት ይጮኽብኛል። ልማር ብጠይቀውም «አንብብ» ብቻ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥያቄዎን ያጥብቡት፤ ጊዜውንም ቀድመው ያስይዙ። «አስተያየት ይስጡኝ» ከማለት ይልቅ፣ ራውንድ ሳይጀመር «ዛሬ የሆድ ምርመራዬን ቢያዩልኝ፣ ከራውንድ በኋላ 5 ደቂቃ ብቻ» ይበሉት። ብዙ ሲኒየር «አንብብ» የሚለው ሲሠሩ ስላላየ፣ የሚለው ነገር ስለሌለው ነው።

ጩኸቱ ግን የሚጎዳው እርስዎን ብቻ አይደለም። የተሰደበ ኢንተርን ሌሊት የታካሚው የደም ግፊት ሲወርድ ስልክ ለማንሳት ያመነታል፤ በዚያ መሃል ታካሚው ይጎዳል። ስለዚህ ቢፈሩም ይደውሉ፤ በአጭሩ ታካሚው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተለወጠ፣ የመጨረሻዎቹን የግፊትና የትርታ ቁጥሮች፣ ምን እንደሚፈልጉ ይንገሩት። ቁጥሮቹን ሳይደውሉ በፊት ወረቀት ላይ ያስፍሯቸው። ስድቡ ከቀጠለ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል በቃል ጽፈው ለኢንተርን አስተባባሪው ያቅርቡ። «ያስቸግረኛል» የሚል አቤቱታ ቶሎ ይረሳል።