«የጦር እርዳታ» ወይስ «ወታደራዊ እርዳታ»?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ አዘዞ ታሪክ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ «ፖርቱጋሎች ለአፄ ገላውዴዎስ ወታደራዊ እርዳታ አደረጉ» ብሎ ቢጽፍ፣ ባልደረባዬ «የጦር ዕርዳታ» ብለው አረሙት። የቱ ይሻላል? ፊደሉስ «እ» ነው ወይስ «ዕ»?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ባልደረባዎ ቃሉን ማረማቸው ተገቢ ነው። «ጦር» ሦስት ነገር ይይዛል፦ ጦር ሲሰበቅ መሣሪያው፣ ጦር ሲዘምት ሠራዊቱ፣ ጦር ሲገጠም ውጊያው ነው። በ1533 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ነፍጣቸውን አንግበው ራሳቸው የተዋጉ፣ አለቃቸው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ከተገደለ በኋላም የተረፉት በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ከንጉሡ ጋር የተሰለፉ በመሆናቸው፣ ሦስቱም ፍቺ ይስማማቸዋል። የንጉሡ ባላጋራ ኢማም አሕመድም (ግራኝ) ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጥ ያዥ ወታደሮች ተቀብለው ነበርና ቃሉ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል።

«ወታደራዊ እርዳታ» ግን የውል ቋንቋ ነው። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የተፈራረሙት ስምምነት መሣሪያን፣ ሥልጠናንና አማካሪ መኮንኖችን አጠቃልሎ የያዘ ነበር፤ አማካሪዎቹ ያሠለጥናሉ እንጂ አይዘምቱም። በዚያው ወቅት የአሥመራው የቃኘው የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ለአሜሪካ በውል ስለ ተፈቀደ፣ «እርዳታ» የሚለው ስም ልዋጩን እንደሚሸፍን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። ደርግ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ጣቢያውንና የአማካሪዎቹን ጽሕፈት ቤት ሲያዘጋ፣ በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነው ሠራዊት ጥቂት ቆይቶ፣ በሶማሊያ ወረራ መካከል፣ ወደ ሶቪየት መሣሪያ ለመዞር ተገደደ፤ የሚያስገርመው፣ ወራሪውም ቀድሞ የታጠቀው ከዚያችው ከሶቪየት ኅብረት ነበር። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርና በባሕር የጎረፈውን ይህን መሣሪያ ብዙዎች «ወታደራዊ እርዳታ» ይሉታል፤ አብዛኛው በብድር የተገኘና ዕዳው ከደርግ ውድቀት በኋላም ሳይዘጋ የቆየ ስለ ነበረ፣ እኔ «የመሣሪያ ብድር» ማለትን እመርጣለሁ።

ስለ ፊደሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የግእዙ ግሥ «ረድአ» ነው፤ «ረድኤት»ም ከዚያው ይወጣል። ከፊት ያለችው «እ» ለንባብ መንደርደሪያ የገባች እንጂ የሥሩ ፊደል አይደለችምና፣ ምንም እንኳ በየጋዜጣው ብናየው፣ ዐይኑን «ዕ» የሚጠራ ምክንያት የለም። በዚህ በኩል ተማሪው ትክክል ነው፤ ነጥብ አይቀነስበት።