«ልጄ ማንበብ ይጠላል፣ አባቱ ደግሞ ያሞላቅቅብኛል»

ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለአንባቢ ላሳጥረው። የ8 ዓመት ልጅ አለሽ። አዲስ አበባ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ 3ኛ ክፍል። ያልገዛሽለት መጽሐፍ የለም፣ ማንበብ ግን ይጠላል። ማታ ከቤት ሥራ በኋላ 10 ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልሻል። ሲሳሳት ታርሚዋለሽ፣ ገጹ ሲያልቅ «ምን ተረዳህ?» ትይዋለሽ። እሱ ያለቅሳል፣ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። «የሚጠብቀውን ከሚላላው እንኳ አይለይም፣ እንደ ሮቦት ነው» ብለሻል። አንድ ሁለቴም ቆንጥጠሽዋል። ባለቤትሽ ደግሞ ከሥራ ሲመጣ ልጁን አልጋው ላይ ይዞት መብራት አጥፍቶ ተረት ያወራለታል። «እኔ የገነባሁትን እሱ ያፈርሰዋል። እኔ ወጥ እየሠራሁ እነሱ ጓዳ ድረስ በሚሰማ ሳቅ ይሳሳቃሉ» ትያለሽ። ጥያቄሽም «እንዴት ላስቁመው?» ነው።

እህቴ፣ አታስቁሚው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስንት ገጽ እንደሚያነብ ነግረሽኛል፣ መጽሐፎቹ ስንት ብር እንደፈጁም ጭምር። ልጁ ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚወድ ግን አንድ መስመር የለም። ልጁ የሚስቅበት ብቸኛው ቦታ ባልሽን የከሰስሽበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

እስቲ ምን እየጠየቅሽው እንደሆነ እንይ። ፊደላችን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። በዚያ ላይ ከኬጂ ጀምሮ የእንግሊዝኛውን 26 ከነትልቁ ከነትንሹ አብሮ ተሸክሟል። ፊደል መለየት ገና ያልቀለለው ልጅ ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ላይ ያልቃል፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶታል። በዚያች ሰዓት ነው አንቺ «ምን ተረዳህ?» የምትይው። ምንም አልተረዳም፣ ሊረዳም አይችልም ነበር።

ስለ ማጥበቅና ማላላት ያልሽው ደግሞ ወደ ባለቤትሽ ይመልሰናል። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «አህያው ይበላል» የሚል ቢያጋጥመው አህያው ሣር ሊበላ ነው ወይስ ጅብ ሊበላው ነው? ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለይቶ የሚያነበው ጅቡ ከኋላ እየመጣ መሆኑን ያወቀ፣ ቃሉንም በጆሮው የጠገበ ልጅ ነው። ያን ጆሮ ማን እየሞላው ነው? ጨለማ ውስጥ «ተረት ተረት» የሚለው ሰውዬ። የ8 ዓመት ልጅ ሰምቶ የሚረዳው ነገር ራሱ አንብቦ ከሚረዳው በጣም የላቀ ነው። ራሱ የሚያነበው ገና «አበበ በሶ በላ» አካባቢ ሲሆን ከአባቱ ጋር ግን ተንኮል የሚያስብ ጅብና የሚዋሽ ቀበሮ አለው። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪ ነበር? አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ስንሰማ ላደግን ልጆች ማንም ገጽ አልቆጠረብንም።

ተረት ብቻውን ፊደል አያስተምርም፣ ልክ ነሽ። ልምምድ ያስፈልገዋል። በእንባ ግን አይሆንም። ቁንጥጫውን ዛሬውኑ ተይው፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽ መሀል እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር አለች፦ «ድሮ እኔም ተረት አወራለት ነበር፣ አንደኛ ክፍል ገብቶ ማንበብ ሲጀምር ግን ተውኩት፣ ራሱ ያንብብ ብዬ»። ይህን ነገር በልጁ ዓይን እዪው። ከዚያ በፊት እናቱ አጠገቡ ተኝታ፣ ፀጉሩን እየነካካች የምታወራለት ሰው ነበረች። ፊደል ለየ፣ ተጨበጨበለት፣ በዚያው ሰሞን እናትየዋ ከአልጋው ተነሥታ ጠረጴዛ ማዶ ተቀመጠች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ስህተት የምትጠብቅ ሰው ሆነች። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረውም፣ ግን ልጅ የሚማረው ከሚሆነው ነው። ማንበብ መቻሉ ያመጣለት ነገር አንቺን ማጣት ነው። እንግዲህ ጎበዝ አንባቢ ቢሆን ደግሞ ምን ሊቀርበት ነው? እኔ ብሆን እኔም ሆዴን ያመኝ ነበር።

አንቺስ? ስለ ሳቁ የጻፍሽው ላይ ቁጣ ብቻ አላነበብኩም። ቤታችሁ ውስጥ ሥራው ማንም ሳይወስን ተከፋፍሏል፦ የቤት ሥራው፣ ዩኒፎርሙ፣ ክፍያው፣ ትኩሳቱ፣ ቁጥጥሩ ላንቺ፤ ሳቁ ለሱ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፣ መከፋትሽ ትክክል ነው። ግን እኮ ሳቁ እንዲቆም ነው የጠየቅሽኝ፣ አንቺም እንድትገቢበት አይደለም። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ሰውን በአንድ ደብዳቤ ማወቅ አይቻልም። ግን እስቲ ባለቤትሽ ተረቱን ዛሬ ቢተው አንቺ ምን ታገኛለሽ? ጸጥ ያለ ቤት። ልጁስ? ወደ ታሪክ ዓለም የቀረችውን አንድ መግቢያ ያጣል።

ምን ይደረግ? ለጥቂት ሳምንታት የማታውን 10 ገጽ ብታቆሚው ጥሩ ይመስለኛል። ልምምዱ ቀን ላይ፣ አጠር ብሎ፣ ለደከመ ልጅ በሚሆን መጠን ይሁን። ማታ ከባለቤትሽ ጋር ተቀያየሩ፤ አንዳንድ ቀን እሱ የቤት ሥራውን ይይ፣ ወጡንም ያማስል (አያርበትም)፣ አንቺ አልጋው ላይ ሁኚና መጽሐፍ አንቢለት። አንቢለት ነው ያልኩት፣ አስነብቢው አላልኩም። የሚያጓጓው ቦታ ላይ ስትደርሺ አቁሚ፣ ከዚያ በኋላ አትጠይቂው፣ እሱ ይጠይቅሽ። 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለ፣ ቅዳሜ ውሰጂውና ራሱ ይምረጥ፣ ለዕድሜው ታንሳለች ብለሽ የምታስቢያትን ሥዕል የሞላባት መጽሐፍ ቢያነሣም ዝም በዪ። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ለውጥ ላያሳይ ይችላል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዓይኑን አስመርምሪው፣ አስተማሪውንም አነጋግሪ። ከእኩዮቹ በጣም ወደ ኋላ ከቀረ፣ ያወቃቸው ፊደላት ነገ የሚጠፉበት ከሆነ፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ሊሆን ይችላል። ከስንፍናም ከመሞላቀቅም ጋር አይገናኝም፣ ባለሙያ በአካል አይቶት ነው የሚታወቀው።

ሌላው፣ ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ አማካሪ ብታዩ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ከመጽሐፍ አልፏል። ባለቤትሽን ስትጠሪው ግን «ልጁን እንዴት እንዳሞላቀቅከው ይንገሩህ» ብለሽ እንዳይሆን። ደክሞኛል በዪው።