ዲፍረንሻሉን ከማስፈታታችሁ በፊት

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች በሙሉ በኋላ ጎማ ስለሚነዱ መኪኖች ናቸው፣ ዶልፊን፣ አባዱላ፣ ፒካፕ፣ እና ሁሉም ጋራዥ ሄደው የተባሉት አንድ ነው፣ "ዲፍረንሻል ነው፣ ቀይረው።" ዲፍረንሻል ማለት በኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱም የሚያካፍለው ጥርሳጥርስ ነው። ቆይ እስቲ።

ጥያቄ፦ ዶልፊን ነው የምሰራበት። ከአንደኛ ወደ ኋላ ማርሽ ስቀይር "ቋ" ይላል፣ ቀስ ብዬ ስሄድ ደግሞ እንደ ወፍ ጭው ጭው ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ እኔ ከክሮቼራው ነው የምጀምረው፣ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ዘንግ የሚያገናኘው መስቀል ማለት ነው። ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተሩን አጥፋ፣ ጎማዎቹን ፊትና ኋላ በድንጋይ አስይዝና ከስር ግባ፣ ከክሮቼራው ወዲህና ወዲያ ያለውን በሁለት እጅህ ይዘህ በተቃራኒ ጠምዝዝ። ትንሽ እንኳን ከተላወሰ አልቋል። የክሮቼራው ቆብ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህም ግሪሱ ደርቆ ውስጥ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ተንከባላይ ብረቶች እየተፈጩ ነው፣ ጭውታውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሲፈታ ታዲያ ዘንጉና የሚታሰርበት ፍላንጅ ላይ በቀለም ምልክት አስደርግ፣ እኔ አንዴ ሰንፌ ሳላስደርግ ክሮቼራው አዲስ ሆኖ መኪናው 80 ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ መልሼ ማስፈታት ሆነ።

ጥያቄ፦ ፒካፔ ከ60 እስከ 80 ላይ ያፏጫል፣ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ዝም ይላል።

መልስ፦ እህቴ ያንቺው እውነትም ዲፍረንሻል ይመስላል። ግን መጀመሪያ ዘይቱን እዪ፣ መኪናው ቀጥ ያለ ቦታ ቆሞ የመሙያው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ ቀዳዳው ጠርዝ ድረስ መኖር አለበት። ጣትሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካለ ይፈታ። አደራ ግን፣ ኮሮናና ፒኞን (የዲፍረንሻሉን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ) በልኩ ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ፈልጊ፣ አዲሱ በግምት ከተገጠመ ከአሮጌው ብሶ ነው የሚጮኸው።

ጥያቄ፦ የኔ ነዳጅ ብሰጠውም ባልሰጠውም ያው "ህምምም" ነው።

መልስ፦ ከጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ጀምር። ጭር ያለ መንገድ ላይ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ አርገው፣ ክብደቱ ቀኝ ስለሚያርፍ ድምፁ ከጨመረ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ ነው። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁ ከተቀየረ ግን ጎማህ ነው፣ በመዳፍህ ዳብሰው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቆሜ ኒውትራል ላይ ይጮሃል፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጠፋል።

መልስ፦ ይሄማ ከኋላ አይደለም፣ የካምቢዮ ኩሽኔታ ነው። ዲፍረንሻል ልፍታልህ ካለህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።