ለጥቂት አንባቢ መጻፍ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ሲሆን አሁን በደብረ ብርሃን ከተማ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ስለ አገሬ ሰው አኗኗር አጫጭር ጽሑፎችን እያዘጋጀሁ ለዘመዶቼና ለልጅነት ጓደኞቼ በቴሌግራም እልካለሁ። አንባቢዎቼ ከ30 አይበልጡም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰው የሚሻማበትን ነገር ካልጻፍህ ልፋትህ ከንቱ ነው» ይለኛል። ስለ ባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር ስለሚሸመነው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሠራር የጻፍሁትን አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?
አስተማሪው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንዲቀጥሉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ባልደረባዎ ለእርስዎ በማሰብ እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክራቸው የሚበጀው ገበያ ታስቦ ለሚጻፍ ጽሑፍ እንጂ የእርስዎን ለመሰለው አይደለም።

የላኩልንን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የበጉ ጸጉር ከተሸለተ በኋላ ሴቶች በእንዝርት እንደሚፈትሉት፣ ወንዶች እንደሚሸምኑት በሚገባ ገልጸዋል። ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን በግርጌው ያሰፈሩት የአክስትዎ ቃል ነው፤ ጽሑፉ ሲነበብላቸው «የጥቁሩ ባና ጥቁረት ከበጉ ነው እንጂ ቀለም አልነካውም፤ ይህንንም ጻፍ» ብለዋል። እልፍ አንባቢ ያለው ጸሐፊ ምስጋናውም ነቀፋውም በገፍ ይደርሰዋል፤ በገዛ እጁ ሲፈትል የኖረ ሰው ግን ቁጭ ብሎ የጎደለውን አይሞላለትም።

ሌላም ጥቅም አለው። ለማያውቁት ሰው ሲጽፉ ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዙ የጋራ የሣር ምድር፣ አንድ ነገር ለማለት እንኳ አስቀድመው ቦታው የት እንደሆነ፣ ሣሩ ለጣራ ክዳንና ለገመድ እንደሚውል ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ይህን ሁሉ ሲያስረዱም ገጹ ያልቃል። የእርስዎ አንባቢዎች ይህን ስለሚያውቁ በቀጥታ ወደ ፍሬ ነገሩ መግባት ይችላሉ፦ ግጦሹና አጨዳው ለዓመታት ሲታገድ ጠባቂው ማን ነበር? የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነውስ ማን ነበር? የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ የአባቶች ሥርዓት እንዴት ፈረሰ? ይህን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ከዓመት ዓመት እያነሱ ስለሆነ ቀጣዩ ጽሑፍዎ በዚህ ላይ ቢሆን እወዳለሁ።

ስለ አንባቢ ማነስም አይጨነቁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሰራጭ እንደነበር የፕሬስ ታሪካችን ይመሰክራል። የአማርኛ ጋዜጣ መንገድ የተጠረገው በዚያ ቁጥር ነው።

ባልደረባዎ እንዳሉት ሰው ወደሚሻማበት ወሬ ቢዞሩ ምናልባት አንባቢ ይበዛልዎታል። ሆኖም ያንን ወሬ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የአክስትዎን ቃል የሚመዘግብ ግን ከእርስዎ በቀር ማን እንዳለ እስኪ ያስቡት።

ከእንግዲህ በየጽሑፉ ላይ ቀኑን፣ የነገረዎትን ሰው ስምና ቀበሌ፣ ራሱን አስፈቅደው፣ ያስፍሩ። አንድ አንድ ቅጂም በወረቀት አትመው ወደ መንዝ ይላኩ፤ ስልክ የሌላቸው አዛውንት ልጆቻቸው ሲያነቡላቸው ሰምተው የሚጨምሩት ይኖራቸዋልና።