ሦስተኛዋ ስንኝ

ግጥም ለምትጽፉ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ግጥም ሳርም ነው። ዛሬ ግን ከራሴ ስህተት ልጀምር። ገና ጎረምሳ ሳለሁ አንድ የግጥም ምሽት ላይ መድረክ ወጣሁ። ስንኞቼን ፊደል በፊደል ቆጥሬ አስተካክያለሁ፤ ቤትም ይመታሉ። ጭብጨባው ደህና ነበር። ስወርድ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና «ልጄ፣ ሦስተኛዋ ስንኝ ታነክሳለች» አሉኝ። «ኧረ ቆጥሬያታለሁ አባባ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ዞር ብለውም አላዩት። «እኔ መች አየኋት፤ ሰማኋት እንጂ።»

ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። «ሰበረ» ሦስት ፊደል ነው፤ ሲነገርም ሦስት ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ቁራጭ፣ አለው፤ ሰ-በ-ረ። «ትምህርት» ግን አምስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ትም-ህርት። ሥራው የሳድስ፣ እንደ «ት» እና «ም» ያለው የስድስተኛው ፊደል፣ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ጎረቤቱ ላይ ተደግፎ ዝም ይላል። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ስምንት ስምንቱ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት ይባላል። ይህን የማያውቅ ገጣሚ የለም። ሲቆጥር ግን ዓይኑ ፊደል ላይ ነው።

እስቲ ይህችን ቶሎ የገጠምኳትን እዩልኝ፦

ዝናቡ ሲመታው የቆርቆሮ ጣራ፣
እንቅልፌ ተነስቶ ሐሳቤን አወራ።

«እንቅልፌ ተነስቶ» ዘጠኝ ፊደል ነው። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ እን-ቅል-ፌ፣ ተ-ነስ-ቶ። ስድስት። የወል ቤት ናት ማለት ነው። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ «ቀ» እና «ጠ» ቆርቆሮውን ያንኳኩታል። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ማንኳኳቱ ይቀርና እነ «ሰ» እና «ነ» ይለሰልሳሉ። ይህንን አስቤበት ነው የሠራሁት ብል ዋሸሁ። ሳነበው ነው የሰማሁት። ከሰማሁት በኋላ ግን እንዳይጠፋ ተጠነቀቅኩ።

አሁን ደግሞ ይህችን፦

ዝናቡ ሲመታው ጣራውን አየሁት፣
እንቅልፌ ተነስቶ ሐሳቤን ነገርኩት።

ምጣኔዋ፣ የቀለም ቁጥሯ፣ ሙሉ ነው። ቤትም መትታለች። ግን ሞታለች። ለምን? የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ነው የሚያልቀው፤ ግሱም ጭራውን ይዞ ይመጣል። አየሁት፣ ነገርኩት፣ ሰማሁት፣ መታሁት፤ እስኪነጋ መቀጠል ይቻላል። መጣች፣ ሄደች፣ አለቀሰችም እንደዚያው። እዚህ ቤት የመታው ሰዋስው ነው፤ ገጣሚው ቁጭ ብሎ ነበር። እጄ ከገቡት ረቂቆች አብዛኞቹ በዚህ ነው የወደቁት። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ግሱን ወደ መሐል ጎትቱና ስሙን ጫፍ ላይ አስቀምጡ። «ጣራ»ን ከ«አወራ» ጋር ማጋባት ትንሽ ያስለፋል፤ አንዱ ስም ነው፣ ሌላው ግስ። አንባቢው «ጣራ»ን ሲሰማ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። «አየሁት» ሲሰማ ግን ግማሹን ገምቶ ጨርሷል።

ሳድስ ጫፍ ላይ ሲመጣም ያታልላል። «ሞት» እና «ቤት» ሁለቱም በ«ት» ያልቃሉ፤ ወረቀት ላይ ቤት የመቱ ይመስላሉ። ጆሮ ግን ይቅር ብሎ ያልፋቸዋል እንጂ አይደሰትባቸውም። «ቤት»ን ከ«ሌት» ጋር ሞክሩት። ከ«ት» በፊት ያለው ድምፅም ሲገጥም ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ስለ «ሰ» እና «ሠ»፣ ስለ «ጸ» እና «ፀ» ግን ለቤት ስትሉ አትጨነቁ። ድምፃቸው አንድ ነው።

ጥብቀትና ልላትንም ፊደላችን አያሳይም። በዓሉም «ገና» ነው፣ ያልደረሰውም «ገና» ነው። የበዓሉ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። አንባቢው በየትኛው ያንብበው? በዙሪያው ያሉት ቃላት ካልነገሩት ስንኛችሁን ያበላሸዋል። አውቃችሁ ከተጫወታችሁበት ግን ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል አተረፋችሁ።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት (እዚህ ላይ ስንኝ ማለት ነው) ባላት፣ ጉባኤ ቃና በምትባለው የቅኔ ዓይነት ነው የሚጀምረው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ወደ ኋላ ነው የሚመጣው። እናንተ ደግሞ አርባ ስንኝ ጽፋችሁ ትልኩልኛላችሁ! እባካችሁ ለጥቂት ወራት ሁለት ሁለት ስንኝ ብቻ ጻፉ። ጻፉና ወረቀቱን ገልብጣችሁ በቃላችሁ በሉት። የረሳችሁት ቦታ ብዙ ጊዜ የታመመው ቦታ ነው። «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «ወይ ጉዴ» የመሳሰሉት ቀለም ለመሙላት ብቻ ገብተው ከሆነም ያኔ ይጋለጣሉ። ለሰው አንብቡለት፤ ወረቀቱን ግን አትስጡት።

ያቺ ሦስተኛ ስንኝ አሁንም አሮጌ ደብተሬ ውስጥ አለች። አሥራ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ ቀለም። ብዙ ጊዜ ላቃናት ሞክሬያለሁ። አንዴ «እኮ» ጨመርኩባት፣ አንዴ ደግሞ ግሷን ቀየርኩ። ባለፈው ሳምንት ጮክ ብዬ አነበብኳት። አሁንም ታነክሳለች።