አሮጌው ኮምፒውተር ገና ይሠራል፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ባለፈው ሳምንት «አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከእዚሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከምንጃር፣ ከቆላው ከሸዋ ሮቢት ሁሉ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ማሽኑ ለምን እንደተንቀረፈፈ ሳይታወቅ ብር አይውጣ። ዛሬ ራም (ማሽኑ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ሜሞሪ)፣ ነገ ፎርማት፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ነገር እየተባለ በግምት የሚወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል። አብዛኛው የተማሪና የደሞዝተኛ ገንዘብ ነው።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ላፕቶፔ ኮር አይ5፣ አራተኛ ትውልድ ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። እስኪከፈት ድረስ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጓደኞቼ «ራም ጨምር» ይሉኛል። ልጨምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዛ፤ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ ነው። ምክንያቱን ራስህ ማየት ትችላለህ። ላፕቶፑ ስታክ ሲያደርግ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለው 100 በመቶ ላይ ቆሞ «ሜሞሪ» ግን ገና ቦታ ካለው፣ ወደኋላ የሚጎትትህ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪውም ጢም ብሎ ከሞላ ሁለቱም ያስፈልጉሃል። ያኔም ቢሆን ኤስኤስዲው ይቅደም። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያሸሻል፤ ዲስኩ ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አብዛኞቹ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ። የሚያነበው ጫፍ ከቦታ ቦታ እየሄደ ፋይሉን ይፈልጋል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ በየቦታው የተበተኑ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ጊዜው የሚያልቀው በዚህ ፍለጋ ነው። ኤስኤስዲ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ የትኛውንም ፋይል ወዲያው ያገኛል።

ለአንተ ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የመሰኪያው ዓይነት ነው) ኤስኤስዲ ይሆናል። ለትምህርት 240 ጊጋ ይበቃል። ራም የምትጨምር ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ የሚፈልገው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል የተባለ የራም ዓይነት ነው። ተራው ዲዲአር3 የ1.5 ቮልት ነው። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ይገባል፤ ማሽኑ ግን ላይነሳ ይችላል። ዲዲአር4 ጭራሽ አይገባም። የድሮውን ነቅለህ ይዘህ ሂድና ጽሑፉን አስተያይ።

ጥያቄ (መምህር፣ መሐል ሜዳ)፦ የትምህርት ቤታችን ዴስክቶፖች ሦስተኛ ትውልድ አይ3 ናቸው። ዊንዶውስ 10 አበቃለት ሲባል ሰማን። ኮምፒውተሮቹ ሊጣሉ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም አይጣሉም፣ መምህር። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ማሽኖቹ ዛሬም ይነሳሉ፤ የደኅንነት ማሻሻያ ግን እንደ በፊቱ አይመጣላቸውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው በይፋ የሚቀበለው። በዘዴ አስገድደው የሚጭኑ አሉ። ለትምህርት ቤት አልመክርም፤ ነገ አንዱ ማሻሻያ እምቢ ቢል የሚያስተካክለው ሰው ከየት ይመጣል?

የእኔ ምክር በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነው። ነፃ ነው። መልኩ ከዊንዶውስ ብዙ ስለማይርቅ ተማሪዎቹ ቶሎ ይለምዱታል። ሁሉንም በአንድ ቀን አይቀይሩ። መጀመሪያ በፍላሽ ጭነው፣ ዲስኩን ሳይነኩ፣ አንዱ ማሽን ላይ ያስነሱት። ድምፁ፣ ኔትወርኩና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ይዩ። ከተስማማዎት በኋላ ይጫኑት። ከመጫንዎ በፊት ግን ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋ ይሁን። ማሽኖቹ ደካማ ከሆኑ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት ይምረጡ።

ለአማርኛ አይስጉ። ከቅንብሩ ውስጥ የአማርኛ መጻፊያ ይጨመራል፤ ድምፁን እየተከተሉ በላቲን ፊደል ሲመቱ ግዕዙ ይወጣል። ችግር የሚፈጥሩት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች፣ ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጋራው የፊደል አሠራር) በፊት የተጻፉ ሰነዶች ናቸው። የፈተና ወረቀቶቻችሁ በእነሱ ተጽፈው ከሆነ የፎንቱን ፋይል ወደ ሚንት ገልብጠው መጫን አለብዎት። አለዚያ ገጹ ትርጉም በሌለው ምልክት ይሞላል። ኢንተርኔት ለሌለበት ክፍል ደግሞ ኪዊክስ የተባለውን የማንበቢያ ፕሮግራም ይጫኑ። ዊኪፒዲያን አንዴ ካወረዱት ልጆቹ ያለ ኔትወርክ ያነቡታል። ይህን በጣም ነው የምወደው።

ለመንዝ የተለየ ነገር ልጨምር። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አምራቾች ለብዙ ሃርድ ዲስኮች የሚያስቀምጡት የአሠራር ጣሪያ ደግሞ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ጫፉ ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ክፍተቱ ይጠባል። ኤስኤስዲ ይህ ጣጣ የለበትም። በጀት ከተገኘ ከእሱ ይጀምሩ።

ጥያቄ (የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ሸዋ ሮቢት)፦ ዴስክቶፑ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በሥራ መሐል ድርግም ይላል። ያየው ሰው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ገና እንዳትቀይሪ። የተቃጠለ ማዘርቦርድ የቀን ሰዓት አይመርጥም። ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጽዳት ነው። ፕሮሰሰሩ ከልክ በላይ ሲግል ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ሶኬቱን ንቀይ፣ የጎኑን ክዳን ክፈቺ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፋንና ከሥሩ ያለው ብረት በአቧራ ተደፍኖ ታገኚዋለሽ። በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ከቤት ውጭ አጽጂው። አየሩን ስትነፊ ፋኑን በጣትሽ ያዥው፤ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። የቤት መጥረጊያ ቫክዩም አትጠቀሚ፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

ከዚያ ፋኑ ከነብረቱ ይነቀልና በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀው ቅባት (ቴርማል ፔስት) በአልኮል ይጠረጋል። በደንብ ከደረቀ በኋላ አዲሱ ይደረግ። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል ነው። ሲበዛ የተሻለ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከጠፋ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ወደሚሰጠው ክፍል፣ ወደ ፓወር ሳፕላዩ እንሄዳለን፤ እሱም ከማዘርቦርድ ይረክሳል። መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር አትሥሪ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካለሽማ የጀመርሽው ማመልከቻ ሳይጠፋ ሴቭ የምታደርጊበት ደቂቃ ታገኛለሽ።

ጥያቄ (ከአረርቲ)፦ አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ስቲከሩን አትመን። ማሽኑን አስነሳና ከሲስተም ውስጥ የፕሮሰሰሩን ቁጥር አንብብ። አይ5 6300 ቢል ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ስምንተኛ፣ 10210 ደግሞ አሥረኛ። አቅምህ ከፈቀደ ከስምንተኛ አትውረድ፤ ዊንዶውስ 11ን ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። የዲስኩን ጤና፣ ስንት ሰዓት እንደሠራም ያሳይሃል። ቢጫ ወይም ቀይ ካየህ ዋጋ አስቀንስ ወይም ተወው። ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ብቻ አሠራው። ባዮሱ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ግባ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀህና ሻጩ ካላወቀው ጥለኸው ውጣ። እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ምታ። እኔ የሌኖቮን ቲንክፓድ፣ የዴልን ላቲትዩድና የኤችፒን ኢሊትቡክ እመርጣለሁ። ለቢሮ የተሠሩ ናቸው፤ ለመፍታትም ዕቃ ለማግኘትም ይቀላሉ።

«2 ቴራ» እያሉ በርካሽ የሚሸጡትን ፍላሾች ደግሞ እንዳትነካ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የተጭበረበረ ነው። የሚጎዱህ ፎቶህን ከገለበጥክ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ጡረተኛ፣ ደብረ ሲና)፦ ኮምፒውተሬ በከፈትኩት ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔቱም «አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይህ ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። አልቃለች። እሷን አስቀይረው ቀኑን ያስተካክሉ። ድረ ገጾች የምስክር ወረቀታቸውን የሚያረጋግጡት በኮምፒውተሩ ቀን ስለሆነ ሁለቱም ችግር አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ በውርጩ ሰሞን ላፕቶፕ ይጎዳል?

መልስ፦ ቅዝቃዜው ለብቻው ብዙም አይጎዳውም። ነገር ግን ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ደግሞም ከብርድ አምጥተሽ ሙቅና እንፋሎት ያለበት ቤት ስታስገቢው ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከቦርሳው ሳታወጪ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተሽ ክፈቺው።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ኮር ቱ ዱዎ የተባለው የድሮ ፕሮሰሰር ያለው፣ ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ኮምፒውተር አለኝ። ላሻሽለው?

መልስ፦ ብር አታውጣበት። ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫንበትና ለጽሑፍ ይሁን። ገንዘቡን ለሌላ ማሽን አጠራቅም።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲ ካስገባሁ በኋላ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ጤናማ ከሆነ በዩኤስቢ ኬዝ አስገቢውና ባክአፕ አድርጊው። ልትሸጪው ከፈለግሽ ግን ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን አያጠፋም፤ በቀላሉ ይመለሳል። ፎርማት ስታደርጊ «ክዊክ» የሚለውን ምልክት አንሺና ሙሉውን አስኪጂ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ማታ ጀምረሽው ተኚ።